የንግድ አብራሪነት ስልጠና፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ደረጃውንስ ማን ያስጠብቃል?

"ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ተብለው የሚጠየቁ ኢትዮጵያውያን ህፃናት አዘውትረው ከሚሰጧቸው መልሶች መካከል "ዶክተር" እና "ፓይለት" የሚሉት ይገኙበታል። የሁለቱ ሙያዎች መንገድ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ይለያያል። ዶክተር ለመሆን የሚሻ ተማሪ የመግቢያ ነጥቡን ካመጣ በመንግስት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ስርዓት ተምሮ የሚጠበቅበትን ድርሻ ስራ ከያዘ በኋላ ቀስ በቀስ መክፈል ይችላል። አብራሪ ለመሆን የሚሻው ግን በአየር መንገድ ወጪ ከሚሰለጥኑት ጥቂቶች መካከል ካልተመረጠ በስተቀር በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚተመን ክፍያ ይጠብቀዋል።

ክፍያው ይህን ያህል ከፍ ያለው ለምንድን ነው? በመጨረሻ የሚገኘው ፈቃድስ ስለ ባለቤቱ ምን ያረጋግጣል? ወጪውን መቀነስ ቢያስፈልግ ከየትኛው ላይ መቀነስ ይቻላል? ከየትኛው ላይስ ፈጽሞ አይቻልም? እነዚህ ጥያቄዎች ልጃቸውን ወደ ሙያው ለመላክ የሚያስቡ ወላጆችን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። የማሰልጠኛ ተቋማትን የሚመሩ፣ ፈቃድ የሚሰጡና የሚቆጣጠሩ እንዲሁም በጀት የሚመድቡ የመንግስት አካላትም በየጊዜው መልስ ሊሰጡባቸው የሚገቡ ናቸው።

የደረጃው ምንጭ

የአብራሪነት ፈቃድ መስፈርት እያንዳንዱ ሀገር በፈለገው መንገድ የሚያወጣው አይደለም። መሰረቱ እ.ኤ.አ በታህሳስ 1944 በቺካጎ ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሰረት የተቋቋመውና መቀመጫውን በካናዳ ሞንትሪያል ያደረገው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የባለሙያዎችን ፈቃድ አሰጣጥ የሚመለከቱ መስፈርቶችን በስምምነቱ አባሪ 1 አስፍሯል። አባል ሀገራት እነዚህን መስፈርቶች በየራሳቸው ህግና ደንብ ውስጥ አካተው ተግባራዊ ያደርጋሉ። በኢትዮጵያ ይህ ኃላፊነት የተጣለው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ላይ ነው።

የስምምነቱ አንቀጽ 33 አንድ አባል ሀገር የሰጠውን ፈቃድ ሌሎች አባላት እንዲቀበሉት ይደነግጋል። ይህ የሚሆነው ግን ፈቃዱ የተሰጠባቸው መስፈርቶች በስምምነቱ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ደረጃ እኩል ወይም በላይ እስከሆኑ ድረስ ነው። በመሆኑም በአዲስ አበባ ፈቃድ የያዘ አብራሪ ተሳፋሪዎችን ጭኖ ለንደን ወይም ቤጂንግ እንዲያርፍ የሚያስችለው ፈቃዱን በሰጠው ሀገር ላይ ያለው እምነት ነው።

በአባሪ 1 መሰረት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም። በአውሮፕላን ቢያንስ 200 ሰዓት የበረረ መሆን የሚገባው ሲሆን፣ ስልጠናውን እውቅና ባለው ተቋም በተከታታይ መርሃ ግብር ካጠናቀቀ ግን 150 ሰዓት ይበቃዋል። ከዚህ ውስጥ 100 ሰዓቱን፣ እውቅና ባለው ተቋም ለሰለጠነ ደግሞ 70 ሰዓቱን፣ የአውሮፕላኑን ኃላፊነት ራሱ ይዞ የበረረው መሆን አለበት። ከነዚህም በረራዎች መካከል ቢያንስ 540 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና በሁለት የተለያዩ አየር ማረፊያዎች የሚያርፍበት አንድ ጉዞ ይገኛል። በመሳሪያ ብቻ እየተመሩ መብረርና የሌሊት በረራም የየራሳቸው ዝቅተኛ ሰዓት ተቀምጦላቸዋል።

ከበረራው ጎን ለጎን ሰልጣኙ በዘጠኝ የእውቀት ዘርፎች ይፈተናል። እነዚህም የአየር ህግ፣ የአውሮፕላን አጠቃላይ እውቀት፣ የበረራ እቅድና የጭነት ስሌት፣ የሰው ልጅ ብቃትና ውስንነት፣ ሚቲዎሮሎጂ፣ የአቅጣጫ አያያዝ፣ የበረራ ስራ ስነ ስርዓት፣ የበረራ መርህ እና የሬዲዮ ግንኙነት ናቸው። የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት መያዝ እና ምርመራውንም በመደበኛነት በየ12 ወሩ ማደስ ግዴታ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ለሚሰማሩ አብራሪዎች ከእ.ኤ.አ መጋቢት 2008 ጀምሮ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ቢያንስ ደረጃ 4 እንዲሆን የተወሰነ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ በድጋሚ ይፈተናል።

የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ግን የጉዞው መጨረሻ አይደለም። በአየር መንገድ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የማብረርና በመሳሪያ የመብረር ማረጋገጫዎችን መጨመር ይኖርበታል። ከዚያም ለሚመደብበት የአውሮፕላን ዓይነት፣ ለምሳሌ ለቦይንግ 737 ወይም ለኤርባስ 320፣ ራሱን የቻለ ስልጠና ይወስዳል። የአየር መንገድ ካፒቴን የሚያደርገው ከፍተኛው ፈቃድ ደግሞ 1 ሺህ 500 የበረራ ሰዓትና ቢያንስ 21 ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል።

ሰዓቱ ለምን ተወደደ?

በስልጠናው ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በአየር ላይ የሚያልፈው ሰዓት ነው። በአሜሪካ ለስልጠና በብዛት የሚያገለግለው ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 አውሮፕላን በቅርብ ዓመታት በሰዓት ከ150 እስከ 200 ዶላር ገደማ ይከራያል። የመምህሩ ክፍያ በዚህ ላይ ይታከላል። 200 ሰዓት በ170 ዶላር ቢባዛ ለአውሮፕላኑ ብቻ 34 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ደግሞ ከዚህ እጥፍ ያህል ያስከፍላል። የመማሪያ ክፍል ትምህርቱ፣ ምስለ በረራው፣ ፈተናው፣ የጤና ምርመራውና መኖሪያው ሲደመሩ በአሜሪካ ከመነሻው እስከ በረራ መምህርነት የሚዘልቅ ስልጠና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቅባቸው ማሰልጠኛዎች አሉ። በአውሮፓም ተከታታዩ መርሃ ግብር ብዙ ጊዜ ከ70 ሺህ እስከ 120 ሺህ ዩሮ ይተመናል።

የሰዓቱን ዋጋ የሚወስኑት ነዳጅ፣ ጥገና፣ መድንና የመምህራን ደመወዝ ናቸው። ሴስና 172ን በመሰሉ አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠመው ባለ ፒስተን ሞተር በአምራቹ ምክር 2 ሺህ ሰዓት ያህል ከሰራ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደሳል። በመካከሉም በየተወሰነ ሰዓት አውሮፕላኑ ከስራ ወጥቶ ይፈተሻል። በመሆኑም ሰልጣኙ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሲከፍል ከነዳጁ ጋር የሚቀጥለውን እድሳት ድርሻ አብሮ ይከፍላል። ከዚህ ድርሻ የሚቆጥብ ማሰልጠኛ ቁጠባው ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ውሎ አድሮ ግን የሰልጣኙን ደህንነት አደጋ ላይ ይጥላል።

ለአውሮፕላኑ ዓይነት የሚሰጠው ስልጠና ደግሞ የሚካሄደው በምስለ በረራ ነው። ሙሉ እንቅስቃሴ ያለው አንድ ምስለ በረራ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይሁንና በእውነተኛ ግዙፍ አውሮፕላን ከመለማመድ አንጻር ሲታይ እጅግ ርካሽ ነው። ከርካሽነቱም በላይ የሞተር እሳትንና የመቆጣጠሪያ መበላሸትን የመሳሰሉ በአየር ላይ ሊሞከሩ የማይገባቸውን ክስተቶች በተደጋጋሚ ለመለማመድ ያስችላል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

እነዚህ አጠቃላይ ምክንያቶች በኢትዮጵያ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች ይታከሉባቸዋል። የመጀመሪያው የመልክዓ ምድር ጉዳይ ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አየር መጭመቂያ የሌለው ባለ ፒስተን ሞተር በባህር ጠለል ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሳም በኋላ ከፍታ የሚይዘው በዝግታ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ችግሩ ይብሳል። በአንጻሩ ድሬዳዋ 1 ሺህ 160 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ መሳሳት ቀለል ይላል፤ ሙቀቷ ግን የራሱ ተጽዕኖ አለው። አየር መጭመቂያ ያላቸውና በጄት ነዳጅ የሚሰሩ አነስተኛ ሞተሮች ለስልጠና ተፈላጊ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ነባሮቹ ሞተሮች የሚጠቀሙበት ልዩ ቤንዚን በአፍሪካ በጥቂት ስፍራዎች ብቻ የሚገኝና ዋጋውም ውድ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። አውሮፕላኑ፣ መለዋወጫው፣ ነዳጁ፣ ምስለ በረራውና የመማሪያ መጻሕፍቱ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የስልጠናው ዋጋ በብር ቢነገርም መሰረቱ ዶላር ነው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንኮች የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ለአብነት ያህል 70 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ስልጠና በመጀመሪያው ምንዛሪ 4 ሚሊዮን ብር ያህል ሲሆን፣ በአንድ ዶላር 100 ብር ሂሳብ ደግሞ 7 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ስልጠናው አልተለወጠም፤ የሰልጣኙ ቤተሰብ ገቢም በዚያው ልክ አላደገም። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር የመንግስት ሰራተኛ ልጁን በራሱ ወጪ አብራሪ ማድረግ የማይታሰብ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማን ይክፈል?

በዓለም ላይ የአብራሪ ስልጠና ወጪ በዋናነት በሦስት መንገዶች ይሸፈናል። በመጀመሪያው መንገድ አየር መንገዱ ሰልጣኙን መርጦ በራሱ ወጪ ያሰለጥናል፤ ሰልጣኙም ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል ይገባል። በሁለተኛው መንገድ ሰልጣኙ ወይም ቤተሰቡ ከኪሱ አልያም ከባንክ ተበድሮ ይከፍላል። በሦስተኛው መንገድ ደግሞ የበረራ ልምዱ በወታደራዊ አገልግሎት የሚገኝ በመሆኑ ወጪውን የሚሸፍነው መንግስት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ በአብዛኛው የተገነባው በመጀመሪያው መንገድ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት መሰረት አብራሪዎቹም ሆኑ የቴክኒክ ባለሙያዎቹ በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በኃላፊነት ለማብረር የበቁት እ.ኤ.አ በ1957 ነው። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ማሰልጠኛዎች በሀገር ውስጥ በመደራጀታቸው የባለሙያዎቹ ቦታ ደረጃ በደረጃ በኢትዮጵያውያን ተተካ። እ.ኤ.አ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ስራ አስኪያጅ ሆኑ። ማሰልጠኛው ከጊዜ ወደ ጊዜ አድጎ የሌሎች አፍሪካ ሀገራት ሰልጣኞችን የሚቀበል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታትም ወደ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲነት ተሸጋግሯል። አየር መንገዱ ለራሱ የሚፈልጋቸውን ሰልጣኞች በማስታወቂያ አወዳድሮ በአገልግሎት ግዴታ ሲያሰለጥን፣ በራሳቸው ክፍያ የሚማሩትንም ያስተናግዳል።

የዚህ መንገድ ጥቅም ወጪን በመሸፈን ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከፋዩ አየር መንገዱ ሲሆን መራጩም እርሱ ይሆናል፤ የቤተሰቡ ሀብት ሳይሆን የአመልካቹ ችሎታ ይመዘናል። ብቃት የጎደለውን ሰልጣኝ ማሳለፍም ነገ በራሱ አውሮፕላን ላይ ማስቀመጥ በመሆኑ ከፋዩን አይጠቅመውም። በአንጻሩ ሰልጣኙ ራሱ ደንበኛ በሚሆንበት ማሰልጠኛ ውስጥ "ይህ ተማሪ ለሙያው አይሆንም" ብሎ መናገር ገቢን ማጣት ይሆናል። ይህ ማለት በግል ክፍያ የሚሰጥ ስልጠና ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ከፋይና ተፈታኝ አንድ በሚሆኑበት ቦታ ሁሉ ፈታኙ ከማሰልጠኛው ገለልተኛ መሆን የግድ ነው።

ከበለጸጉት ሀገራትም ወደዚሁ መንገድ የተመለሱ አሉ። በእንግሊዝ ለረጅም ዓመታት የስልጠናው ወጪ በሰልጣኞች ላይ ወድቆ ከቆየ በኋላ ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ በ2023 በአንድ ሰልጣኝ 100 ሺህ ፓውንድ ገደማ የሚፈጀውን ወጪ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መርሃ ግብር ይፋ አድርጓል። በመጀመሪያው ዙር የቀረበው ቦታ እስከ 60 ቢሆንም ያመለከቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። አየር መንገዱ የሰጠው ምክንያት ሙያው መክፈል ለሚችሉ ቤተሰቦች ልጆች ብቻ ክፍት ሆኖ መቆየቱን መለወጥ የሚል ነው።

ሰዓት መቁጠር ይበቃል?

የበረራ ሰዓት በቁጥር ስለሚገለጽ ለቁጥጥር ይመቻል። ይሁንና ሰዓት ብቻውን ብቃትን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ በየካቲት 2009 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በአደጋው 50 ሰዎች ሞተዋል። የምርመራው ውጤት እንዳመለከተው ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ መሆኑን ለሚጠቁመው ማስጠንቀቂያ የሰጠው ምላሽ ከትክክለኛው ተቃራኒ ነበር። ከዚያ ቀደም በተለያዩ የብቃት ፈተናዎች መውደቁንም ለቀጣሪው ሙሉ በሙሉ አልገለጸም ነበር።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ህግ፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩም በ2013 ባወጣው ደንብ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪዎች እንደ ካፒቴኖች ሁሉ በመሰረቱ 1 ሺህ 500 ሰዓት እንዲያሟሉ ተደነገገ። በወታደራዊ አገልግሎትና በዩኒቨርሲቲ ለሰለጠኑ ሰዓቱ ቀነስ ይላል። ክርክሩ ግን አልተቋጨም። በቡፋሎው አደጋ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ2 ሺህ ሰዓት በላይ የበረሩ ስለነበሩ አዲሱ ደንብ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ አያግዳቸውም ነበር። የደንቡ ደጋፊዎች ልምድ ህይወት ያድናል ሲሉ፣ ተቺዎቹ ደግሞ ቀሪውን ሰዓት በትናንሽ አውሮፕላኖች መሙላት የጄት አውሮፕላንን አያስተምርም፤ ወጪን ግን ይጨምራል ይላሉ። የዚያው ህግ ሌላ ድንጋጌ የሆነው የአብራሪዎች የስራና የፈተና ታሪክ በአንድ ማዕከል ተመዝግቦ ለቀጣሪዎች ተደራሽ እንዲሆን ማድረግ ግን ለአደጋው መንስኤ ይበልጥ የቀረበ መፍትሄ ነበር ማለት ይቻላል።

ኢካኦ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2006 ከሰዓት ይልቅ በተግባር የሚታይ ብቃትን መለኪያ ያደረገ አዲስ የፈቃድ ዓይነት አስተዋውቋል። ይህ ፈቃድ ቢያንስ 240 ሰዓት ስልጠና የሚጠይቅ ሲሆን፣ ጉልህ ክፍሉ በምስለ በረራ የሚሰጥ ነው። ሰልጣኙ ከጅምሩ ከሌላ አብራሪ ጋር ተግባብቶ መስራትን ይማራል።

የተቆጠበው ወጪ ማን ላይ አረፈ?

የስልጠና ወጪና ደረጃ ትስስር በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከሚረሳ ሐዘን ጋር የተያያዘ አይደለም። እ.ኤ.አ መጋቢት 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመጓዝ ላይ የነበረው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ህይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ተመሳሳይ የላየን ኤር አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ከአደጋው በኋላ በውጭ አንዳንድ ወገኖች ረዳት አብራሪው የነበረው 361 የበረራ ሰዓት አነስተኛ ነው የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ካፒቴኑ ግን 8 ሺህ 122 ሰዓት የበረረ ነበር። የረዳት አብራሪው ሰዓትም ኢካኦ ለንግድ አብራሪነት ካስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት በላይ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት በሚያዝያ 2019 ሲወጣ በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ በአምራቹ የተሰጡትን ቅደም ተከተሎች ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻላቸውን ገልጸዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በበኩሉ በ2022 መጨረሻ በወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የሰው ብቃት ጉዳይ በበቂ አልታየም የሚል አስተያየት ሰጥቷል። በሁለቱም አደጋዎች ግን ኤምካስ የተሰኘው የበረራ መቆጣጠሪያ ስርዓት ከተሳሳተ የመለኪያ መረጃ ተነስቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በተደጋጋሚ ወደታች መግፋቱ አላከራከረም።

ከስልጠና አንጻር ዋናው ነጥብ የተከሰተው ግን ከአደጋው በፊት ነው። ማክስን ለገበያ ለማቅረብ ከዋለው ጉዳይ አንዱ ነባሩን 737 የሚያበሩ አብራሪዎች ያለ ምስለ በረራ፣ በአጭር የኮምፒዩተር ትምህርት ብቻ ወደ አዲሱ ሊሸጋገሩ መቻላቸው ነበር። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በ2020 ይፋ ባደረገው ሪፖርት እንደተመለከተው ቦይንግ የምስለ በረራ ስልጠና አስፈላጊ ሆኖ ቢገኝ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ ቃል ገብቶ ነበር። ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ ሳይገለጽ ቀርቷል። በጥር 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ የፍትህ መስሪያ ቤት ጋር በደረሰበት ስምምነት ሰራተኞቹ የስልጠና ደረጃውን የሚወስነውን የመንግስት አካል ስለ ስርዓቱ ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። አውሮፕላኑ ወደ ስራ ሲመለስ ለአብራሪዎቹ የምስለ በረራ ስልጠና ግዴታ ሆኗል። ቀድሞ ወጪ ተብሎ የተቆጠበው ስልጠና 346 ሰዎች ካለፉ በኋላ አስፈላጊነቱ ታመነበት።

ፈቃድ ሰጪው ሲዘናጋ

የደረጃ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በአደጋ ብቻ አይገለጽም። የፓኪስታን ሁኔታ ይህንን ያሳያል። እ.ኤ.አ በግንቦት 2020 በካራቺ ከደረሰው የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ በኋላ የሀገሪቱ የአቪዬሽን ሚኒስትር ከ860 አብራሪዎች መካከል 262ቱ ፈተናቸውን በትክክል አለመውሰዳቸው እንደሚጠረጠር ለፓርላማ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ማጣራት የብዙዎቹ ፈቃድ ትክክለኛ ሆኖ ቢገኝም እምነቱ ተሸርሽሯል። የአውሮፓ ህብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የፓኪስታን ዓለም አቀፍ አየር መንገድ ወደ አውሮፓ እንዳይበር አገደ። እገዳው የተነሳው በህዳር 2024፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በህጋዊ መንገድ ሰልጥነው ፈቃድ የያዙ በርካታ አብራሪዎችም በሌሎች ሀገራት ከስራ እስከመታገድ ደርሰዋል። ጥቂት ያልተገቡ ፈቃዶች የሀገሪቱን ፈቃድ በሙሉ ዋጋ አሳጡት።

ለመንግስት ሰራተኞችና ኃላፊዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። የፈተና ክፍልን መጠበቅ፣ የበረራ መዝገብን ከአውሮፕላኑ የጥገና መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ማሰልጠኛዎችን በድንገት መጎብኘትና ብቁ መርማሪዎችን በተገቢው ደመወዝ ማቆየት የቢሮ ስራዎች ይመስላሉ። ይሁንና አንድ ሀገር የሚሰጠው ፈቃድ በሌሎች ሀገራት ተቀባይነት የሚያገኘው በእነዚህ ስራዎች ነው።

ወላጆችና አመልካቾች ምን ያስተውሉ?

በራሳቸው ወጪ ለመሰልጠን ወይም ልጆቻቸውን ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። ቀዳሚው ጤና ነው። የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ያላገኘ ሰው ስልጠናውን ቢጨርስ እንኳ በሙያው ሊሰማራ ስለማይችል ምርመራው ከክፍያው መቅደም ይኖርበታል። ሁለተኛው የማሰልጠኛው እውቅና ነው። ተቋሙ በሚገኝበት ሀገር የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን የጸና እውቅና ያለው መሆኑን ከራሱ ከባለስልጣኑ ማጣራት ይገባል። በውጭ የተገኘ ፈቃድ በኢትዮጵያ የሚለወጥበትን ስርዓትም ከመሄድ በፊት ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ውሉ ነው። በማስታወቂያ የሚቀርበው ዋጋ ብዙ ጊዜ የተሰላው በዝቅተኛው ሰዓት ነው። ሰልጣኙ ተጨማሪ ሰዓት ቢያስፈልገው፣ ፈተና ቢደግም ወይም አውሮፕላን በጥገና ምክንያት ለወራት ቢቆም ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ መክፈልም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2023 በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ይሰራ የነበረ የበረራ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቅድሚያ የከፈሉ ሰልጣኞች ለችግር ተዳርገዋል። በየደረጃው ለተጠናቀቀ ስራ ብቻ መክፈል ይህን አደጋ ይቀንሳል።

አራተኛው ከስልጠና በኋላ ያለው ነው። የቦይንግ ኩባንያ በ2023 ባወጣው ትንበያ በ20 ዓመታት ውስጥ 649 ሺህ አዳዲስ አብራሪዎች በዓለም እንደሚያስፈልጉ ገምቷል። ይህ ግን አውሮፕላን የሚሸጥ ኩባንያ ትንበያ ከመሆኑም በላይ 200 ሰዓት ላለው አዲስ አብራሪ የስራ ዋስትና አይደለም። አብዛኛዎቹ አየር መንገዶች ለአውሮፕላኑ ዓይነት ስልጠና የሚያወጡትን ወጪ ስለሚያስቡ አመልካቾችን አጥብቀው ይመርጣሉ።

ከላይ ከቀረቡት ሁሉ መገንዘብ እንደሚቻለው የአብራሪ ስልጠናን ወጪ መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። ለሀገሪቱ ከፍታ ተስማሚ የሆኑ አውሮፕላኖችን መምረጥ፣ ምስለ በረራን በጋራ መጠቀም፣ ሰልጣኞችን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ መምረጥና በአገልግሎት የሚመለስ የብድር ወይም የወጪ መጋራት ስርዓት መዘርጋት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከሰዓቱ፣ ከጥገናው፣ ከፈተናው እና ከመርማሪው ላይ የሚቀነስ ወጪ ግን ቁጠባ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ምክንያቱም ሂሳቡ ተላልፎ የሚከፈለው በስልጠናው ውል ላይ ባልፈረመ ተሳፋሪ ነው።

በመሆኑም የማሰልጠኛ ተቋማት፣ አየር መንገዶችና የሚመለከታቸው የመንግስት አካላት ችሎታ ያላቸው ወጣቶች በገንዘብ እጥረት ከሙያው እንዳይርቁ መንገድ የማመቻቸት ኃላፊነት አለባቸው። ከዚሁ ጎን ለጎን ገንዘብ ያለው ነገር ግን ብቃት የጎደለው ሰው በዚያው መንገድ እንዳያልፍ ደረጃውን አጥብቀው ሊጠብቁ ይገባል።